ቅጽልና ባለቤቱ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ አበው። እናት ሳትመርጥ፣ አባት ሳያስብ፣ ስም ከላይ ተሰይሞ ይወርዳል፤ የሰው ድርሻ የወረደውን መጥራት ብቻ ነው ማለታቸው ነው። መምህር ተክለአብ ይህን አባባል ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ ኖሯል፤ ተጠራጥሮት አያውቅም። የሰው ስም እንዲህ ከሆነ የመጽሐፍም ስም እንዲሁ ነው እያለ በክፍል ውስጥ ያስተምርበት ነበር። እንዲህ ሲል የኖረውም በለንደን ከተማ የአንዲትን ሴት መጽሐፍ ስም ወደ እንግሊዝኛ እስኪያሻግር ድረስ ነው።

ተክለአብ ወደ እንግሊዝ አገር የመጣው ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ሳለ በአንድ ኮሌጅ የእንግሊዝኛ ሰዋስው መምህር ነበር። ግርግሩ በረድ ሲል ከሥራ ታገደ፤ ከእገዳው ቀጥሎ የሚመጣውን ሳይጠብቅ አገሩን ለቀቀ። አሁን በለንደን፣ ኬኒንግተን በሚባለው ሠፈር፣ በአንድ የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ብቻውን ይኖራል። እንጀራው ትርጉም ነው፤ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የሐኪም ማስረጃ። የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ ሳይቆልፍ፣ መዝገበ ቃላቱን በቀኙ ሳያኖር ወደ ጠረጴዛው አይቀርብም። «የመምህር ተክለአብ ሥራ ነጠላ ሰረዝ እንኳ አይጎድለውም» ይሉለታል። ሲሉት ይወዳል፤ መውደዱን ግን በፊቱ ላይ አያሳይም።

ተማሪዎቹ እስከ ዛሬ የሚያነሡለት አንድ ሕግ ነበረው። «ቅጽል ከባለቤቱ ርቆ አይደር» ይላቸው ነበር። ሴቶቹ ይስቃሉ፤ ወንዶቹ በክርን ይጎሻሸማሉ። ሳቁ ሲበርድ ፊቱን ሳይፈታ ይቀጥላል። ቅጽል ገላጭ ቃል ነው፤ ባለቤቱም የሚገልጸው ስም ነው፤ ከባለቤቱ የራቀ ቅጽል ያገኘው ቤት ገብቶ ያድራል፤ ያደረበትንም ቤት ስም ያጠፋል። «የሰከረውን ሰው ትታችሁ ጎረቤቱን ታሰክራላችሁ» ይላቸው ነበር።

ወይዘሮ ውባንቺ ከሼፈርድስ ቡሽ ገበያ ጀርባ ባለ አፓርታማ ውስጥ የምትኖር፣ ስድሳ ዓመት የተሻገራት ሴት ናት። ባሏ ሻምበል ደምመላሽ በደርግ ዘመን ለሥልጠና ወደ ውጭ ተልኮ በዚያው ኮበለለ። ያኔ ልጃቸው ጌጤነሽ ገና ጥርሷን ያልነቀለች ሕፃን ነበረች። ባሏ በሸሸ እሷ ታሰረች፤ «የት እንዳለ ታውቂያለሽ» ተባለች፤ ባታውቅም አላመኗትም። ከእስር ስትፈታ የልጇ አልጋ ባዶ ነበር። የባሏ እኅት ሕፃኗን ወስዳ በናይሮቢ በኩል ለአባቷ ልካታለች። ልጅቱ በለንደን፣ በሃርልስደን፣ በአባቷ እጅ አደገች፤ ስሟም «ጄን» ሆነ። እናቴስ ብላ በጠየቀች ጊዜ ሁሉ ሻምበሉ የሚመልሰው አንድ መልስ ነበረው፤ «እናትሽ ትታን ኮብልላለች።»

በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ውባንቺ በአንድ የምርጫ ጣቢያ ታዛቢ ነበረች። ያየችውን ቆጠራ «ያየሁት ይህ ነው» ብላ ፈረመች፤ ከዚያ በኋላ የመንግሥት ሰዎች አላስቀመጧትም፤ አገሯን ለቀቀች። ለንደን ስትደርስ ሻምበሉ ሞቶ ዓመት አልፎታል፤ ልጇም እንደ ሩቅ ዘመድ ሰላም የምትላት ትልቅ ሴት ሆናለች። አልፎ አልፎ ሻይ ይጠጣሉ። እናት የድሮውን ነገር ልታነሣ አፏን ስትከፍት ግን ልጅ ትነሣለች። «አባቴ ሞቷል» ትላታለች፤ «ተነሥቶ መልስ መስጠት አይችልም። ይቅር።»

በአፏ እንዳትናገር የተከለከለች እናት ጻፈች። በተከታታይ ክረምቶች፣ የማሞቂያውን ቧንቧ ተደግፋ ጻፈች፤ የሠፈሩ የኢትዮጵያውያን ማኅበርም መጽሐፉን ሊያሳትምላት ተነሣ። ስሙን ራሷ አወጣችው፤ «የኮበለለው መኮንን ሚስት»።

ተክለአብ ወደ ነገሩ የገባው በዚህ ጊዜ ነው። በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቷ ጠራችው።

«መምህር፣ እርስዎን የማስቸግረው ለአንድ መስመር ብቻ ነው» አለችው ሻዩን እያቀረበች። «መጽሐፉን ሁሉ ይተርጉሙልኝ አልልም። ልጄ የአማርኛ ፊደል አታውቅም። ከመጽሐፉ የምታነበው ሽፋኑ ላይ በእንግሊዝኛ የሚጻፈውን ርዕስ ብቻ ነው። ለምረቃው በሚላከው ጥሪ ላይ እሱን ካየች ትመጣለች። እመጣለሁም ብላኛለች። ከመጣች ደግሞ እኔ ቆሜ አነብላታለሁ፤ በሰው ፊት ተነሥታ አትሄድም።»

«አማርኛ ትሰማለች?»

«ትሰማለች፤ ትናገራለችም። እኔን ግን እንደ ወንድ ነው የምታናግረኝ። ‹እማዬ፣ ሻይ ትጠጣለህ?› ትለኛለች።» ሳቅ አለች። «እኔም እጠጣለሁ እላታለሁ። ምን ላድርግ፣ ጺሜ እስኪያድግ ልጠብቅ?»

ተክለአብም ፈገግ አለ። ከዚያ ቤት ሲወጣ ሥራው የአንድ ሻይ ሥራ መስሎት ነበር።

ጠረጴዛው ዘንድ ሲቀመጥ ግን የአማርኛው ርዕስ እንዳሰበው ቀላል እንዳልሆነ አየ። በርዕሱ ውስጥ አንዲት «ው» አለች። «የኮበለለው» ስትል ኮብላዩ ወንድ መሆኑን ትመሰክራለች። ሚስት ሴት ናትና ቃሉ ሊነካት አይችልም፤ የኮበለለችው እሷ ብትሆን ኖሮ «የኮበለለችው የመኮንኑ ሚስት» ይባል ነበር። ይህች አንዲት ፊደል በባልና በሚስት መካከል ቆማ ጥፋቱን ለባለ ጥፋቱ ትሰጣለች። እንግሊዝኛ ግን ይህችን ምስክር አያውቃትም። «ዘ ራናዌይ ኦፊሰርስ ዋይፍ» ሲል የኮበለለው መኮንኑ ነው ማለት ይቻላል፤ ኮብላይዋ የመኮንኑ ሚስት ናት ማለትም ይቻላል። እንዲያውም የአገሩ ሰው ጆሮ ወደ ሁለተኛው ያደላል፤ ርዕሱ የሚያበቃው በሚስት ነውና አንባቢ የመጽሐፉን ነገር ሁሉ ለእሷ ይሰጣታል።

ሌላ ሞከረ። «ዘ ዋይፍ ኦቭ ዘ ኦፊሰር ሁ ራን አዌይ» ብሎ ጻፈ። «ሁ» የምትለው ቃል ለመኮንኑም ለሚስቱም የምትሆን ሆነችበት። ደግሞ «መኮንኑ ኮበለለ፣ ሚስቱ ቀረች» የሚል ረዘም ያለ እንግሊዝኛ ጻፈ። ይህኛው ጥርት ያለ ነበር፤ ማንም አይስተውም። ነገር ግን የሕፃናት ማንበቢያ መጽሐፍ መሰለው፤ ዜማ የለውም። ወደ መጀመሪያው ተመለሰ። አጭር ነው፤ ይመታል፤ ከአፍ ሲወጣ ያምራል።

ደግሞ ከዚህ ሁሉ በታች፣ ለራሱም ጮክ ብሎ ያልነገረው ሌላ ምክንያት ነበር። ያ ሁለተኛው ትርጉም፣ ያ ሐሰተኛው፣ መንገደኛን የሚያስቆም ነው። ባሏን ጥላ የጠፋች ሴት ከተጣለች ሴት ይልቅ ገዢ አላት። ተክለአብ ይህን አወቀ፤ ማወቁንም ወደ ጓዳ አስገብቶ በሩን ዘጋበት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

የሽፋኑን ሥዕል የምትሠራው ዲና እዚያው ለንደን ተወልዳ ያደገች ባለሙያ ናት። ርዕሱ በደረሳት ማግስት ደወለችለት።

«ጋሼ፣ ሶሪ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ራናዌይዋ እሷ ናት እንዴ?»

«እሷ አይደለችም። እሱ ነው።»

«እንግሊዝኛው እንደዛ አይልም እኮ። አይ ሚን፣ ሁለቱንም ይላል።»

«ዐውዱ ይፈታዋል፣ ዲና።»

«ዐውዱ ማለት?»

«የመጽሐፉ ውስጥ ማለቴ ነው። ያነበበ ሁሉ ይገባዋል።»

«መጽሐፉ በአማርኛ ነው፣ ጋሼ። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያነብ ሰው ውስጡን በምን ያነበዋል?»

ተክለአብ መዝገበ ቃላቱን ገልጦ መልሶ ዘጋው። ዲና ራሷ ቀጠለች። «ኦኬ፣ እርስዎ ካሉ። እርስዎ ነዎት የሚያውቁት፤ እኔ ፊደሉን ነው የማሳምረው። ደግሞ እውነት ለመናገር ርዕሱ ያምራል። ሰው ያስቆማል።»

ስልኩን ሲዘጋ ከተባለው ሁሉ በጆሮው የቀረው «ያምራል» የምትለው ቃል ነበረች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

የሽፋኑ ሥዕል ያለበት ጥሪ ለጌጤነሽም ለሌላውም ተላከ። ምረቃው የሆነው በሠፈሩ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ሰው መጣ። ዲና ሽፋኑን በትልቁ አሠርታ በር ላይ አቁማዋለች፤ ተክለአብ ሲገባ በፊቱ አለፈ፤ ቀና ብሎ አላየውም። ከፊተኛው ረድፍ መካከል አንድ ወንበር ነጭ የአንገት ልብስ ተደርጎበት ባዶውን ይጠብቃል። ውባንቺ ቆማ አነበበች፤ ድምፅዋ ጥሩ ነበር፤ ግን በየገጹ መጨረሻ ዓይኗ ወደ በሩ ይሄዳል። የአልጋውን ነገር፣ ከእስር ወጥታ ባዶ ያገኘችውን አልጋ ስታነብ፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ነጩ የአንገት ልብስ ከወንበሩ አልተነሣም።

ሰዉ ሲበተን ውባንቺ ስልኳን ይዛ ወደ ተክለአብ መጣች።

«መምህር፣ ልጄ መልእክት ልካለች። በእንግሊዝኛ ነው፤ ያንብቡልኝ እስቲ። ሥራ ይዟት ይሆናል።»

ተቀብሎ አነበበ። መልእክቱ አጭር ነበር። «አባዬ እውነቱን ነበር ማለት ነው። ራስሽ ሽፋኑ ላይ ጻፍሽው። አትደውይልኝ» ይላል።

የሚናገረው ነገር በፊቱ ነበር፤ ሦስት ዐረፍተ ነገር ነው፤ ዕድሜውን ሁሉ ያደረገውን ማድረግ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ውባንቺ ፊቱን እያየች ትጠብቃለች።

«መምጣት አልቻልኩም ትላለች» አለ። «ሥራ ላይ ነኝ፤ ለጊዜው አትደውይልኝ ትላለች።»

«አላልኩም?» አለች ውባንቺ። ስልኩን ተቀብላ በቀሚሷ ኪስ ከተተችው። «እንዳላስቸግራት ነው። እሷ እስክትደውል እጠብቃለሁ።»

ከዚያች ዕለት ጀምሮ ተክለአብ ሥራ መሥራት አልቻለም። የሠራው ይመስለዋል፤ ሲያነበው ግን ቅጽሎቹ ሁሉ ከየባለቤታቸው ተለይተው የሚንከራተቱ ሆነው ይታዩታል። ርዕሱ የተሳሳተው ከቸልታ ነው እንዳይል፣ አውቆት ነበር። መልእክቱን ያጣመመው ከርኅራኄ ነው እንዳይል፣ ያዳነው እሷን ሳይሆን ራሱን ነበር። በፊተኛው ጥፋቱ እናትን ኮብላይ አደረጋት። በኋለኛው ደግሞ እንዳትደውል አደረጋት፤ ልጅቱም የእናቷን ዝምታ «እውነት ነውና አፈረች» ብላ እንድትተረጉመው መንገዱን ጠረገላት። ስሕተትን በቀይ ቀለም ሲያሰምር የኖረ እጁ አሁን በየማለዳው ስልኩን ያነሣል፤ መልሶም ያስቀምጣል።

በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን ያገኛታል። «ደወለችልዎት?» ይላል። «ገና ናት፤ ሥራ በዝቶባት ነው» ትለዋለች። በሦስተኛው እሑድ ግን መልሷ ተለወጠ። «እኔ እንጃ፣ መምህር» አለችው ነጠላዋን እያስተካከለች። «መጽሐፍ መጻፌ ራሱ አስቀይሟት ይሆናል። አባቷን በአደባባይ ማማት ሆኖባት ይሆናል። ምነው እጄን በሰበረው ብዬ አስቤአለሁ።»

በማግስቱ ሰኞ ተክለአብ ወደ ሃርልስደን ሄደ።

ጌጤነሽ በአውራ ጎዳናው ላይ ባለ የመነጽር ቤት ዓይን መርማሪ ናት። በስልክ ያነጋገራት እንደሆነ እንደምትዘጋበት ስለገመተ፣ እንደ ማንኛውም ሰው ቀጠሮ አስያዘ። ወደ ጠባቧ ክፍል አስገባችው። ረዥም ናት፤ ግንባሯ የእናቷ ነው። በደረቷ ላይ «ጄን» የሚል ጽሑፍ ለጥፋለች። በቀጠሮ መዝገቡ ላይ ስሙን ስታይ አማርኛ ጀመረችለት።

«ሐበሻ ነህ? እዚህ ተቀመጥ። አገጭህን እዚህ አድርግ» አለችው።

አንተ ማለቷ ንቀት አልነበረም፤ ከአባቷ የወረሰችው አማርኛ ሌላ ማዕረግ የለውም። መብራቱን አጠፋች፤ በፊት ለፊቱ የፊደሎቹ ሠሌዳ በራ።

«የታችኛውን መስመር አንብብልኝ።»

አነበበ። አንድም አልሳተም።

«ዓይንህ ምንም አልሆነም» አለች ጌጤነሽ። «መነጽርህም ልክ ነው። ለምንድነው የመጣኸው?»

«እኔ የእናትዎን መጽሐፍ ርዕስ የተረጎምኩ ሰው ነኝ።»

እጇ ከመሣሪያው ላይ ወረደ። ከዚያ «እርስዎ አትበለኝ፣ አሮጊት አይደለሁም» አለች፤ ቀልድ የነበረው ነገር በጨለማው ውስጥ ደረቅ ሆኖ ወጣ። «እሷ ነው የላከህ?»

«አልላከችኝም። መምጣቴንም አታውቅም። አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቅሽ። በአማርኛ ‹መጣ› እና ‹መጣች› ልዩነታቸው ምንድን ነው?»

«አንዱ ወንድ፣ አንዱ ሴት። አውቃለሁ። ስናገር ነው የሚጠፋብኝ።»

«የመጽሐፉ ርዕስ በአማርኛ ‹የኮበለለው› ይላል። ‹የኮበለለችው› አይልም።»

ከውጭ አውቶቡስ ሲያልፍ የሠሌዳው መስተዋት በትንሹ ተንቀጠቀጠ።

«እንደገና በል» አለችው።

«የኮበለለው መኮንን ሚስት።»

«ው» አለች።

«አዎ። ው።»

«አባቴ ነው?»

«ርዕሱ የሚለው አባትሽን ነው። እንግሊዝኛው ሁለቱንም የሚል ሆኖ የወጣው በእኔ ነው።»

ጌጤነሽ ተነሥታ መብራቱን አበራች። ዓይኗ አልረጠበም፤ ፊቷ ግን ቀልቷል። «አንተ ፕሮፌሽናል ነህ አይደል? እኔ ለሰው የተሳሳተ ሌንስ ብሰጥ መንገድ ሲሻገር መኪና ይገጨዋል። ቼክ አታደርግም?»

«አድርጌ ነበር።» ተክለአብ ከወንበሩ ሳይነሣ እጆቹን በጉልበቱ ላይ አኖረ። «ሁለት ትርጉም እንዳለው አይቻለሁ። የተጠየቅሁም ሰው ነበር፤ ዐውዱ ይፈታዋል ብዬ መለስኩ። ርዕሱ ስላማረኝ ተውኩት።»

«ስላማረህ።»

«አዎ።»

ቃሉን ለመመዘን የፈለገች ይመስል አየችው። ከዚያ «እናቴ ይሄን ያውቃል?» አለች።

መምህርነቱ ሊያርማት ወደ ከንፈሩ መጣ፤ መለሰው። «አታውቅም። መልእክትሽንም ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ሥራ ላይ ነኝ፣ ለጊዜው አትደውይ ትላለች አልኳት። እስከ ዛሬ ያልደወለችው ስላፈረች አይደለም። አንቺ እስክትደውዪ እየጠበቀች ነው።»

ጌጤነሽ ጀርባዋን ሰጠችው። የሌንሶቹን መሳቢያ ከፈተች፤ ምንም ሳታወጣ ዘጋችው። «እኔ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ያልደወለው እውነት ቢሆን ነው ብዬ ነበር» አለች። ዘወር ስትል ድምፅዋ ተስተካክሎ ነበር። «ስማ። ሶሪ የምትለው ለኔ አይደለም። መጀመሪያ ለእሷ ንገር፣ ሁሉንም። ስለ አባቴ ደግሞ ካንተ ምንም አልሰማም። እሱን ከእሷ ነው የምሰማው፣ ከሰማሁም።»

በዚያው ዕለት፣ የሼፈርድስ ቡሽ ነጋዴዎች ሸራቸውን ሲያወርዱ፣ ተክለአብ የውባንቺን በር አንኳኳ። ስልኳ በጠረጴዛው መካከል ተቀምጦ ነበር። የወተት ሻይ ቀዳችለት። ሳይነካው ነገራት። ምንም አላሳጠረም፤ ስለ «ው»ዋ ነገራት፤ ስለ ዲና ጥያቄ ነገራት፤ መልእክቱንም ይህ ጊዜ ቃል በቃል፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ ተረጎመላት። እየተናገረ የእሷን ፊት ለማየት አልደፈረም፤ በሻዩ ላይ የሚረጋውን ስልባቦት ያይ ነበር።

ሲጨርስ ውባንቺ ለረዥም ጊዜ ስልኩን ተመለከተች።

«እንግዲህ እነዚህን ሳምንታት ሁሉ ያልደወልኩት እርስዎ ስላሉኝ ነው።»

«አዎ።»

«እሷ ደግሞ አለመደወሌን ሌላ ብላ ተረጎመችው።»

«አዎ።»

«ርዕሱስ አያናድደኝም» አለች። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነበር። «ሠላሳ ዓመት ኮብላይ ስባል የኖርኩት በአማርኛ ነው፤ በእንግሊዝኛ ቢጨመርበት ምን ያህል ይከብዳል። ስሕተት የሰው ነው። ግን ታውቅ ነበር?»

እርስዎ ማለቷ በዚህ ላይ ተቋረጠ። ተክለአብ ሰማው።

«አውቅ ነበር» አለ።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ» አለች ውባንቺ። «የኔን ስም ያወጡት ግን ሁለት ወንዶች ናቸው። አንዱ ባሌ ነው፤ አንዱ አንተ ነህ። እሱስ ለመሸሺያ ፈልጎት ነው። አንተ ምን ቸግሮህ?»

ርዕሱ ስላማረኝ ብሎ ለልጅቱ የሰጠውን መልስ ለእናቲቱ ሊደግመው አፈረ። ራሱን ብቻ ዝቅ አደረገ።

«አንተ ሰውዬ» አለችው። ከዚያም ስኒውን በጣቷ ወደ እሱ ገፋ አደረገችው። «ሻይህን ጠጣ።»

ያች «አንተ» ቀርባው የጠራችው ትሁን፣ ንቃ ያወረደችው፣ ተክለአብ ሊለይ አልቻለም። ለቋንቋ ያደረ ሰው ነው፤ ሰዋስውን ከሥሩ ያውቃል፤ ግን ቃሉ ሁለቱንም ይል ነበር፤ የሚፈታለትም ዐውድ በፊቷ ላይ አልተጻፈም። እሱም ፍቺልኝ ብሎ ለመጠየቅ መብት አልነበረውም። ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር፤ እስከ አተላው ጠጣው። ሲነሣ እሷ አልተነሣችም። ከበሩ ሲደርስ ስልኩን አንሥታ ቁጥር ስትነካ ሰማ። በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ወጣ።

ጌጤነሽ በተከታዩ እሑድ ሼፈርድስ ቡሽ መጣች። በዚያ ቤት ምን እንደተባባሉ ለተክለአብ የነገረው ሰው የለም፤ እሱም አልጠየቀም። ውባንቺ በቤተ ክርስቲያን ስታገኘው ሰላም ትለዋለች፤ አንተ እያለች።

ከሁለት ዓመት በኋላ መጽሐፉ በሙሉ በእንግሊዝኛ ታተመ። እናት ጮክ ብላ እያነበበች፣ ልጅ እየጻፈች ነው የተረጎሙት፤ ተክለአብ አልተጠየቀም። አንድ ቅጂ ከገበያው አጠገብ ካለው ሱቅ ገዛ። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም በላቲን ፊደል የተጻፈው የአማርኛው ስም ነው፤ «ው»ዋም በቦታዋ አለች። ርዕሱ አልተተረጎመም።